ቮልስ ባትሪ ስትጨርስ፦ ትገፋ፣ በኬብል ትነሳ፣ ቻርጅ ይደረግ ወይስ ባትሪው ይቀየር?

ከዘጌ በጀልባ ተመልሰን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው፣ እንግዶቼን ፀሐይ መቷቸዋል፣ አሳ እንብላ ተባብለን ቮልሷ ውስጥ ተጨናንቀን ገባንና ቁልፉን ሳዞረው "ጠቅ" ብላ ዝም አለች። ደገምኩት፣ ጠቅ። ኪሎሜትር መቁጠሪያው ውስጥ ያለችው ቀይ መብራት ድክም ብላ ጠፋች። ለካ ጠዋት ከዓባይ ማዶ ስመጣ ዝናብ ስለነበር ያበራሁትን የፓርኪንግ መብራት ሳላጠፋ ነው ጀልባ ላይ የወጣሁት፣ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አምስት ሰዓት ሙሉ በርቶ ውሏል።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የባህር ዳር ሰው ሁሉ መካኒክ ሆነ በሉ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር "ወንድም ዓለም አታስብ፣ ከኔ ባትሪ ላቀብልህ" አለኝ። አዲስ ቢዋይዲ የያዙ አባት ደሞ "ልጄ፣ የኔ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከኔ ብትስብ አይሻልም?" አሉ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ የራሱን ባትሪ ሊነቅል ወንበሩን ማንሳት ጀምሯል። እንጨት ላይ ቁጭ ብለው አሳ የሚያጠምዱት ልጆች ግን ምንም ሳይሉ መጥተው ከኋላ ተደረደሩ፣ እጃቸውን ጭነው "ጋሼ እንግፋ?" ብቻ።

ከነዚህ አራቱ ውስጥ ትክክል የነበሩት ልጆቹ ናቸው። ሶስቱ በቅንነት መኪናዬን ወይ የራሳቸውን ሊያቃጥሉ ነበር። ለምን እንደሆነ እያንዳንዱን እያነሳሁ አወራለሁ፣ የድሮ መኪና ያላችሁ ቮልስም ይሁን ላዳ፣ ፊያት 124ም ይሁን ፔጆ 404 እንደየመኪናችሁ ምረጡ።

ግን ከምርጫው በፊት አንድ ሂሳብ ላሳያችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የኔ ቮልስ ባለ 12 ቮልት ናት፣ ባትሪዋ 36 አምፔር ሰዓት (የሚይዘው መጠን ማለት ነው)። የፓርኪንግ መብራት ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ የታርጋው አምፖል ሲደመር ወደ 30 ዋት ገደማ ቢመጣ ነው፣ ያ ማለት በ12 ቮልት ሁለት አምፔር ተኩል። በአምስት ሰዓት 12 ወይም 13 አምፔር ሰዓት በላ ማለት ነው። ታዲያ ከ36ቱ ውስጥ 23 ሊተርፍ ይገባ ነበር፣ በ23 ደሞ ጤነኛ ባትሪ ቮልስን ሳይሳቀቅ ያስነሳታል። አላስነሳም። ስለዚ ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አልነበረም፣ ባትሪው ከዛ በፊትም አርጅቶ ወይም ሳይሞላ ከርሞ ነበር፣ መብራቱ አጋለጠው እንጂ አልገደለውም። ይሄን ሂሳብ እዛው ወደቡ ላይ ባሰላው ኖሮ ከዛ በኋላ ያባከንኩትን ሶስት ሳምንት አላባክንም ነበር።

እንግዲህ ባትሪያችሁ ሲያልቅ መጀመሪያ የምትጠይቁት "እንዴት ላስነሳት" ሳይሆን "ለምን አለቀ" የሚለውን ነው። መብራት ረስታችሁ ነው? መኪናዋ ሶስት ሳምንት ቆማ ነው? ወይስ በየቀኑ እየነዳችኋት ነው ያለቀው? የመጨረሻው ከሆነ ዲናሞው (በሞተሩ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው) አይሞላም ወይም ባትሪው አይዝም፣ ስለዚ ብትገፏትም በኬብል ብታስነሷትም ነገ እዛው ናችሁ።

መግፋት

ለቮልስ አንደኛ ምርጫዬ ይሄ ነው፣ ሰው ይስቃል ግን ምክንያት አለው። ቮልሷ ቀላል ናት፣ ማርሿ በእጅ ነው፣ ካርቦራቶር ነች፣ የነዳጅ ፓምፗ በሞተሩ ነው የሚሰራው እንጂ በባትሪ አይደለም። ፍሬኗም ሆነ መሪዋ ከሞተር ምንም እርዳታ አይፈልግም ስለዚ ሞተሩ ጠፍቶም በደንብ ትይዛለች። ከሁሉ በላይ የድሮዎቹ ዲናሞ ናቸው፣ ዲናሞ ደሞ ብረቱ ውስጥ የቀረች ትንሽ ማግኔት ስላለችው ባትሪው ጭልጥ ብሎ ቢሞት እንኳ በፍጥነት ከተሽከረከረ ራሱን ቀስቅሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አዲሱ ዓይነት ማለትም አልተርኔተር የተገጠመለት ግን ለመጀመር ከባትሪው ትንሽ ኃይል ይፈልጋል፣ ባትሪው ባዶ ከሆነ እስከ ፔዳ ሰፈር ድረስ ብትገፉት ላይነሳ ይችላል።

አገፋፉ እንዲ ነው፤ ቁልፉን ክፈቱ (ካልከፈታችሁ መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ ይሄን አትርሱ)፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ 2ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሰው ሮጥ ሮጥ እያለ ሲገፋና መኪናዋ ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅ፣ እንደተነሳች መልሳችሁ ረግጣችሁ ቤንዚን ሰጥ። 1ኛ ማርሽ የሚያስገቡ አሉ፣ ጎማው ይነክሳል፣ በተለይ አስፋልቱ ዝናብ የጠጣ ቀን ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩን አያዞርም። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ገፊዎቹ የሞተር ክዳኑ ላይ እጃቸውን እንዳይጭኑ ንገሯቸው፣ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል፣ የኔ ላይ የአንድ ልጅ መዳፍ ቅርጽ እስከዛሬ አለ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፣ እዚህ አገር ገፊ ማጣት አይቻልም። ችግሩ ከተማዋ ናት። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም እንደ ምጣድ ሜዳ ናት፣ ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ይሄ ነው የሚባል ቁልቁለት የላትም። ጎንደር ያለ ጓደኛዬ ባትሪው ከሞተ አራት ወር ሆኖታል ግን ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁል አርጎ ስለሚያቆማት ጠዋት ፍሬን ይለቃል በቃ። እኛ ጋ ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ለሚወጣ ሰው፣ መግፋት አይሆንም።

ኦቶማቲክ ማርሽ ያላት የድሮ መርሴዲስ ያላችሁ ይሄን ክፍል እለፉት፣ ኦቶማቲክ በአብዛኛው ተገፍቶ አይነሳም፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ልትጎዱት ትችላላችሁ።

ኬብል

አሁን ወደ አይሱዙው ሹፌር ልመለስ። እነዚህ ጭነት የሚሰሩት አይሱዙዎች አብዛኞቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረላቸው ባለ 24 ቮልት ናቸው። 24 ቮልት 12 ቮልት ያላት ቮልስ ላይ ስትለቁ አምፖሉ፣ ሬዲዮው፣ ኮይሉ (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው) አንድ ላይ ሊሄድ ይችላል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። "ከአንዱ ባትሪ ብቻ ነው የምስበው" የሚሉ አሉ፣ የሚያውቅ ኤሌትሪሺያን ካደረገው ይሁን፣ ወደብ ላይ በችኮላ ግን አይሞከርም። ሰጪው መኪና 12 ቮልት መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ፣ ሚኒባስ (ዶልፊን) ወይም ሃይሉክስ ካገኛችሁ እሱን ለምኑ፣ ባትሪያቸው ትልቅ ነው ለቮልስ ይተርፋል።

ቢዋይዲውስ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለኛ ለድሮ መኪና ሰዎች ኬብል የሚያውስ ጎረቤት እያለቀ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ 12 ቮልት ባትሪ አለ፣ አዎ፣ ግን ትንሽ ነው፣ ስራው ኮምፒውተሩንና በሩን ምናምኑን ማንቃት ነው። ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ የሚጠይቅ ነገር ሲጎትተው ውድ የሆነ ዕቃ ሊያበላሽ ስለሚችል ብዙዎቹ አምራቾች መመሪያቸው ላይ ሌላ መኪና አታስነሱበት ይላሉ። እኚያ አባት ደግነታቸው ለራሳቸው ዕዳ ሊሆን ነበር፣ "አባቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ መኪናዎን ይጎዳብኛል" ብዬ ነው የመለስኳቸው፣ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። የባጃጁ ባትሪ ደሞ 12 ቮልት ነው ግን ጉልበቱ አይችልም፣ ሁለቱም ሞተው ይቀሩ ነበር።

ሌላው ከባድ ጣጣ ቮልቱ የራሳችሁ መኪና ላይ ነው። ቮልስ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሰሩት ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ ወደ 12 የዞረው 1966 እና 67 አካባቢ ነው፣ እሱም እንደ ሞዴሉ ይለያያል። አያታችሁ ያወረሷችሁ መኪና 6 ትሁን 12 ካላወቃችሁ አምፖሉን ነቅላችሁ አንብቡ ወይም የባትሪውን ክዳኖች ቁጠሩ፣ ሶስት ከሆነ 6 ነው፣ ስድስት ከሆነ 12። ባለ 6ቷን ከ12 የሚያስነሱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ሞተሪኖው አንዳንዴ ችሎት ያልፋል፣ አምፖልና ኮይል ግን ዕድል ነው፣ እኔ አልመክርም፣ 6 ቮልት ያላት ቮልስ ትገፋ። ከእንግሊዝ የመጡ አንዳንድ የድሮ መኪኖች ደሞ ቦዲያቸው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ ቀይ በቀይ ጥቁር በቦዲ ብላችሁ በልማድ ስታስሩ ኮርቶ (ሾርት) ነው የሚሆነው። ከማሰራችሁ በፊት ቦዲው ላይ የሄደው የትኛው ገመድ እንደሆነ በአይናችሁ ተከተሉት።

ይሄን ካለፋችሁ አስተሳሰሩ ቀላል ነው። ቀዩን መጀመሪያ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላኛውን ጫፍ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የደህናው ኔጋቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ባትሪው ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም የሌለው የራሳችሁ መኪና የሞተር ብረት ላይ። የመጨረሻዋ ግንኙነት ብልጭታ ስለምትሰጥና ባትሪ ደሞ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ነው ራቅ የሚባለው። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው ሞተሩ ደሞ ከኋላ፣ ስለዚ ኬብላችሁ አጭር ከሆነ አይደርስም፣ ከሶስት ሜትር ያላነሰ ግዙ። በሮቹንና መስኮቶቹን ክፈቱ፣ ወንበሩን አንስታችሁ አየሩ ይውጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ አማካሪ ካለ ያርቅልን። የሰጪውን ሞተር አስነስታችሁ አምስት አስር ደቂቃ ይስራ፣ ከዛ ነው የናንተን የምታዞሩት። ገበያ ላይ ያለው ቀጭኑ ኬብል ከውጭ ወፍራም ፕላስቲክ ከውስጥ ጸጉር የመሰለ ሽቦ ነው፣ ይግላል እንጂ አያስነሳም፣ ሽቦው ራሱ 16 ካሬ ሚሊሜትር መሆኑን ጠይቁ።

የኪስ ጃምፐር

እነዚህ ትልቅ ፓወር ባንክ የሚመስሉት የሊቲየም ማስነሻዎች ለቮልስ በደንብ ይሰራሉ፣ ትንሽ ሞተር ናት። ብቻውን ለሚንቀሳቀስ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ጎርጎራ ለሚሄድ ሰው ከኬብል ይሻላል፣ ማንንም አይለምንም። ጣጣው ራሱም ባትሪ መሆኑ ነው፣ ስድስት ወር ሳትሞሉት ረስታችሁት ስትፈልጉት እሱም ሞቷል። ደሞ የባህር ዳር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ሙቀት ሊቲየምን ይጠላል ወይም ሊቲየም ሙቀትን፣ ብቻ አይስማሙም። 6 ቮልት ላላት አይሆንም፣ አብዛኞቹ 12 ብቻ ናቸው።

ቻርጅ

እዚህ ጋ ረዘም ልበል። መገፋቱም ኬብሉም ጃምፐሩም መኪናዋን ነው የሚያስነሱት፣ ባትሪውን አይሞሉትም። "ትንሽ ስነዳት ይሞላል" የሚለው ነገር አዲስ መኪና ላይ ግማሽ እውነት ነው፣ የድሮ ዲናሞ ላይ ግን ውሸት ነው ብል ይቀላል። ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም አይሞላም፣ ለዛ ነው መብራት ላይ ቆማችሁ ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ የምትለው። ከፓፒረስ እስከ ፔዳ በሰው፣ በባጃጅና በሳይክል መሃል እየተንፏቀቃችሁ ስትሄዱ ዲናሞው የሚያመርተውን ፓራውልቱና (የፊት መብራቱና) ኮይሉ ይበሉታል፣ ለባትሪው ምን ተረፈ? በግማሽ የወረደ 36 አምፔር ሰዓት ባትሪ 18 ይጎድለዋል፣ ይሄን ለመመለስ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ለሰዓታት መዞር አለበት። ጎንደር 180 ኪሎሜትር ነው፣ እዛ ደርሳችሁ ከመጣችሁ አዎ ደህና ይመጣል። ገበያ ሄዶ መምጣት ግን አይሞላም። እኔ ልጆቹ ገፍተውልኝ ከተነሳሁ በኋላ ሶስት ሳምንት ያባከንኩት በዚህ ነው፣ በየሁለት ቀኑ እየተገፋሁ "ዛሬ ይሞላል" እያልኩ።

በግማሽ ወርዶ የተቀመጠ ባትሪ ደሞ ዝም ብሎ አይጠብቃችሁም፣ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ነገር እየጋገረ (ሰልፌት ነው) አቅሙን ይበላዋል፣ ሙቀት ሲኖር ይፈጥናል። እዚህ ከተማ ባትሪ የሚገለው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ስለዚ በተቻለ ፍጥነት ነቅላችሁ ሙሉ።

የት ይሞላ? ባትሪ ቤት ወይ ቤት ውስጥ። ባትሪ ቤት ርካሽ ነው፣ ቻርጀር መግዛት አይጠበቅባችሁም፣ ጄኔሬተር ካላቸው መብራት ቢጠፋም ይሰራሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ቶሎ ለማስረከብ አምፔሩን ከፍ ያደርጉታል። አንድ ቦታ (ስሙን ልተወው) ባትሪዬን አስቀምጬ ቡና ጠጥቼ ስመለስ "አልቋል ውሰድ" አሉኝ፣ ስነካው ጎኑ እንደ ጀበና ይፋጃል፣ ክዳኑ ሲከፈት አሲዱ ይንተከተካል። እንደዛ የሞላ ባትሪ ላዩ ላይ ነው የሚሞላው፣ ሳህኖቹም በግለት ይጣመማሉ። የምትሉት ነገር ይሄ ነው፦ "ቀስ ብሎ ይደር"። መለኪያው የአምፔር ሰዓቱ አንድ አስረኛ ነው፣ ለ36 ወደ 3 አምፔር ተኩል፣ ለ45 ደሞ 4 ተኩል፣ አንድ ሌሊት ሙሉ። ነገ እወስደዋለሁ ስትሏቸው ደስ አይላቸውም፣ ትንሽ ጨመር አርጉላቸው።

ቤት ውስጥ ኦቶማቲክ ቻርጀር ካላችሁ እሱ ንጉስ ነው፣ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ፤ አንዳንዱ ጭልጥ ብሎ የሞተ ባትሪ ሲታሰርበት "ባትሪ የለም" ብሎ እምቢ ይላል፣ ሌላው ደሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ አይቀጥልም፣ ጠዋት ሞልቷል ብላችሁ ስትሄዱ ማታ 4 ሰዓት ላይ የቆመበት ነው። የድሮዎቹ ባለ ትራንስፎርመር ግን መብራት ሲመለስ ይቀጥላሉ፣ የሚያቆማቸው ስለሌለ ደሞ ሰዓት መጠበቅ የናንተ ስራ ነው። ክዳኖቹን ላላ አድርጉ፣ ከሰል ምድጃ ካለበት ቤት ራቅ ያለ በረንዳ ላይ ይሁን።

ውሃውን አይታችሁ ነው የምትሞሉት። ፈሳሹ ሳህኖቹን መሸፈን አለበት፣ ከጎደለ የባትሪ ውሃ (የተጣራ ውሃ) ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ አይሆንም፣ የሃይላንድም አይሆንም ማዕድን አለበት፣ አሲድም አይጨመርም ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ሞልቶ ከቻርጀር ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ሰዓት አሳርፉትና በቴስተር ለኩት። 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሶስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ላይ ሊያልቅ ነው። ዛሬ 12.6 ብሎ ሳይታሰር ባደረ በነጋታው 12.1 ካለ ባትሪው አይዝም፣ ማልቀስ የለም።

አዲስ ባትሪ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው፣ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማመጣው። ዋጋ አልጽፍም፣ ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ባለው ሳምንት ይቀየራል፣ ግን ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ውዱ ነው። ዲናሞው ሳይታይ አዲስ ባትሪ መግዛት ቀዳዳ ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን መቅዳት ነው። ስለዚ መጀመሪያ ቁልፉን ስትከፍቱ ቀይዋ መብራት መብራት አለባት (ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ችግሩን የሚነግራችሁ የለም)፣ ሞተሩ ተነስቶ ፈጠን ሲል መጥፋት አለባት። ከዛ ሞተሩን ፈጠን አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከ13.8 እስከ 14.4 ከመጣ ይሞላል። 12.5 ላይ ከቆመ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቷል ወይም ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ (ዲናሞው የሚሰጠውን የሚቆጣጠረው) ነው። ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው መቁረጫ ተጣብቃ ከቀረች ደሞ መኪናዋ ጠፍታም ባትሪው ማታ ሙሉ ወደ ዲናሞው ይፈሳል፣ ጠዋት ዲናሞውን ስትነኩት ሞቅ ብሎ ካገኛችሁት በቃ ሌባው እሱ ነው።

ስለ ቺንጋው አንድ ነገር፤ ቮልስ ላይ ዲናሞውንና የሞተር ማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። እየነዳችሁ ቀይ መብራት ከበራ "ባትሪ አይሞላም፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ" አትበሉ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ፋኑም ቆሟል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ወዲያው ዳር ያዙና አጥፉ።

እና እባካችሁ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ነቅላችሁ "ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው" የሚለውን ሙከራ ማንም እንዲሞክርባችሁ አትፍቀዱ። አንድ ኤሌትሪሺያን እኔ ላይ አድርጎታል፣ የኋላ መብራቶቼ ሁለቱም ጭው ብለው በርተው ተቃጠሉ፣ "አየህ፣ ይሰራል!" አለኝ ደስ ብሎት። አልተርኔተር ያለው መኪና ላይ ቢሆን ዳዮዱን ነው የሚጨርሰው።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪው ካልያዘ ግዙ። ሲገዙ ቁመቱን ለኩ። ቮልስ ላይ ባትሪው የኋላ ወንበር ስር ስለሆነ ረጅም ባትሪ ከገባ የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ፖሎቹን ይነካና ኮርቶ ይሆናል፣ ከዛ ወንበሩ ውስጥ ያለው ጭድ መሰል ነገር ይያያዛል። ተረት እንዳይመስላችሁ፣ የኔ ወንበር ከስር ጥቁር ክብ አለበት፣ ሰፋ ያሉ አክስቴ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ "ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸታል፣ እጣን አይደለም" ብለው ነው የነቃነው። አሁን ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ፖሎቹ ላይ አልብሻለሁ፣ ነጻ ነው፣ ዛሬውኑ አድርጉት። ፖዘቲቩ በየትኛው ጎን እንደሆነም እዩ፣ ከተገላበጠ ገመዱ አይደርስም። አሮጌውን በልዋጭ ይቀበሏችኋል፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሜዳ ላይ ወይ ሐይቁ ዳር አትጣሉት፣ እርሳስ ነው።

መኪናዋ የምትቆም ከሆነ

የኔ ዓይነቱ፣ እሁድና ሰርግ ሲኖር ብቻ የምትወጣ መኪና፣ ከላይ ካሉት ሁሉ በፊት ኔጋቲቩን መፍታት ይበቃታል። የድሮ መኪና ቆማ ምንም መብላት የለባትም፣ ኮምፒውተር የላት ምን የላት፣ ከበላች ኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ወይ አላርም ነው። ለማወቅ ቴስተር እንኳ አያስፈልግም፤ ሁሉን አጥፍታችሁ ኔጋቲቩን ፍቱና በገመዱና በፖሉ መሃል ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል አስገቡ። ካልበራች ሰላም ነው። ከበራች ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሂዱ፣ አምፖሏ የጠፋችበት ፊውዝ ላይ ነው ሌባው። ፊውዝ የሌለው ገመድ ካለ ደሞ ጣጣ ነው፣ የኔ ሬዲዮ እንደዛ ነበር፣ ከሶስት ሳምንት መገፋት በኋላ የተገኘው እሱ ነው፣ ከአሮጌው ባትሪ ጋር ተረዳድተው።

ቤታችሁ ሐይቁ አጠገብ፣ ሽምብጥ አካባቢ ምናምን ከሆነ፣ ፖሎቹ ላይ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ቶሎ ቶሎ ካያችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በጥርስ ብሩሽ እሹት (ክዳኖቹ ተዘግተው፣ ውስጥ እንዳይገባ)፣ አድርቁና እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡ። "ባትሪ ሞተ" ተብለው የሚመጡ ብዙዎቹ ገመዳቸው የላላ ነው፣ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ገመዱን ይዛችሁ አዙሩት፣ በእጅ ከዞረ ችግራችሁን አገኛችሁት። ትንሽ የሶላር ፓነል ከነመቆጣጠሪያው ጣሪያ ላይ የሚያስቀምጡም አሉ፣ ፀሐዩ አለን፣ ጥላ ስር ለሚያቆም ግን ትርፉ ድካም ነው።

እኔ አሁን 13 ቁልፍ ከኋላ ወንበሩ ስር በገመድ አንጠልጥያለሁ፣ ቤት ስገባ ኔጋቲቩን እፈታለሁ፣ ወር በወር ባትሪውን አንድ ሌሊት በሶስት አምፔር ተኩል አሳድረዋለሁ፣ ኬብል ከነሶስት ሜትሩ የፊት ክዳን ስር አለ። ባለፈው ወደቡ ጋ ሳቆም አሳ አጥማጆቹ ልጆች አይተውኝ መንጠቋቸውን አስቀምጠው ተነሱ። በአንድ ቁልፍ ስትነሳ ትንሹ ፊቱ ጨፈገገ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ አንገፋም ማለት ነው?"